እፍኝና ናኖሜትር

እርድ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ብርጭቆ ውኃ ላይ በትነው ቢያማስሉት ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። አልጫ የሚሠራ ሰው ግን እርዱን ውኃ ላይ አይጥለውም። ሽንኩርቱ ከዘይቱ ወይም ከቅቤው ጋር ሲቁላላ ነው የሚጨምረው። ወጡ ሊወጣ ሲል ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ያለበት መከለሻ ይከተላል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከህንዷ ባንጋሎር የወጣ አንድ ጥናት አለ (ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጤነኛ ሰዎች ኩርኩሚን የተባለውን የእርድ ዋና ንጥረ ነገር 2 ግራም ብቻውን ሲወስዱ፣ ደማቸው ውስጥ የተገኘው ከምንም የማይቆጠር ነበር። ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ፓይፐሪን 20 ሚሊግራም ሲጨመርበት ወደ ደም የገባው መጠን በ20 እጥፍ ጨመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኩርኩሚን ከአንጀት እምብዛም አይመጠጥም፤ የተመጠጠችውንም ጥቂት የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው ለውጠው ለማስወገድ ያዘጋጇታል። ፓይፐሪን ያንን የማስወገድ ሥራ ያዘገየዋል።

ወጥ ውስጥ ያለው እርድ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም፤ መጠኑ ለዚያ አይበቃም። ነገር ግን የዕፅዋት መድኃኒትን በናኖ ቴክኖሎጂ ለማሻሻል የሚደክሙ ተመራማሪዎች የሚጨነቁበት ጥያቄ እዚህ ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገኛል። ቅጠሉ፣ ሥሩ ወይም ፍሬው ኃይል አለው እንበል። ያ ኃይል ከአፍ ተነሥቶ ሕመሙ ያለበት ቦታ በምን ይደርሳል?

* * *

አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የአንድ ሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይገመታል። መድኃኒት እንዲሸከሙ የሚሠሩት ቅንጣቶች አብዛኞቹ ከ200 ናኖሜትር አይበልጡም።

ከነዚህ ተሸካሚዎች ሁሉ ታዋቂው ሊፖሶም ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሌክ ባንግሃም የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በካምብሪጅ አቅራቢያ በሚገኘው የባብራሃም ተቋም ሲሠራ፣ በእንቁላል አስኳልና በአኩሪ አተር ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ስብ ውኃ ሲነካው በራሱ ጊዜ እየተጠቀለለ ጥቃቅን ከረጢት እንደሚሠራ አሳየ። የከረጢቱ ግድግዳ ስብ ነው፣ ሆዱ ውኃ። በስብ የሚሟሟው መድኃኒት ግድግዳው ውስጥ ይወተፋል፤ በውኃ የሚሟሟው ሆዱ ውስጥ ይገባል። የሰውነታችን ሕዋሳት ሽፋን ከዚሁ ዓይነት ስብ የተሠራ ስለሆነ እንግዳውን እንደ ባዕድ አይተው የመግፋት ዕድላቸው አነስተኛ ነው።

በ1989 ደግሞ አንድ የጣሊያን ኩባንያ የዕፅዋትን ንጥረ ነገር ከዚህ ዓይነት ስብ ጋር አጣብቆ ፋይቶሶም በሚል ስም አወጣ። ስለዚህ ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። አዲስ ግኝት ነው እየተባለ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር የማስታውሰው ይህንን ነው።

* * *

ዕፅ ከናኖ ጋር ተጋብቶ በእርግጥ ፍሬ ያፈራበትን ታሪክ ጠይቁኝ ብትሉ፣ የፓክሊታክሰልን እነግራችኋለሁ።

በ1962 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ጫካ ውስጥ ፓስፊክ ዬው ከተባለ ጥድ መሰል ዛፍ ቅርፊት ተላጠ። መንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ የተባሉ ኬሚስቶች ከቅርፊቱ የወጣውን የካንሰር መድኃኒት አወቃቀር በ1971 አሳተሙ። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ግን የፈቀደው በ1992 መጨረሻ ነው። ከቅርፊቱ መላጥ እስከ ፈቃዱ 30 ዓመት ማለት ነው።

ከችግሮቹ አንዱ ያው የእርዱ ችግር ነበር፤ ፓክሊታክሰል ውኃ ውስጥ አልሟሟም አለ። ደም ሥር ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ደግሞ ሳይሟሟ አይሰጥም። መፍትሔው ከጉሎ ዘይት ተገኘ። አዎ፣ በየጓሮውና በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ያ የኛው ጉሎ። ዘይቱ በኬሚካል ተለውጦ ከአልኮል ጋር ተቀላቀለና ፓክሊታክሰልን አሟሟው። ግን ይህ ማሟሟቻ ራሱ በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ብርቱ አለርጂ ያስነሣል። ስለዚህ ሕመምተኛዋ መድኃኒቱን ከመውሰዷ በፊት አለርጂ የሚከላከሉ ሌሎች መድኃኒቶች ትወስዳለች፤ ከዚያ ለ3 ሰዓት ያህል ጉሉኮሱ ሥር ትቀመጣለች።

በ2005 የተፈቀደው የናኖ ዓይነት ፓክሊታክሰል የጉሎውን ማሟሟቻ ጨርሶ አስቀረው። መድኃኒቱን አልቡሚን ከተባለ የሰው ደም ፕሮቲን ጋር አጣምሮ 130 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቅንጣት አደረገው። አሰጣጡ ከ3 ሰዓት ወደ 30 ደቂቃ ወረደ፤ በፊት ይሰጥ የነበረው የአለርጂ መከላከያም እንደ ግዴታ መሰጠቱ ቀረ። በተሠራጨ የጡት ካንሰር ላይ በተደረገው ማነጻጸሪያ ዕጢያቸው የቀነሰላቸው ሴቶች ከ19 በመቶ ወደ 33 በመቶ ከፍ አሉ።

እዚያው ጥናት ላይ ሌላም ነገር ተጽፏል። የእጅና የእግር ነርቭ ጉዳት በናኖው በኩል ባሰ፤ የተሰጠው መጠንም ከፍ ያለ ነበርና። ይህችን አንቀጽ ብዙ ሰው አያነባትም። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የያዝኳት እሷን ነው። መድኃኒትን በደንብ ማድረስ ጥቅሙንም ጉዳቱንም አብሮ ማድረስ ነው።

* * *

ናኖ መድኃኒት ለኢትዮጵያ የወደፊት ምኞት ይመስለናል። መተማና ሁመራ ግን ከደረሰ ቆይቷል።

ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን የሚይዝ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የአሸዋ ዝንብ ስትነድፍ የምታስተላልፈው ነው፤ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሰውን ያከሳል፣ ካልታከመ ይገድላል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ አምፎተሪሲን ቢ ሲሆን የተገኘውም በቬኔዙዌላ የኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ውስጥ ካለ ባክቴሪያ ነው። ዕፅ ባይሆንም የተፈጥሮ ልጅ ነው። ባዶውን ሲሰጥ ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል። ሊፖሶም ውስጥ ሲገባ ግን ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል፤ እንዲያውም ጥገኛ ተሕዋሱ የተደበቀባቸው የጣፊያና የጉበት ሕዋሳት ራሳቸው ሊፖሶሙን ስለሚውጡት መድኃኒቱ ጠላቱ ደጃፍ ድረስ ይሄዳል። አገራችን ውስጥ ለጠናባቸው፣ ለነፍሰ ጡሮችና ኤችአይቪ ላለባቸው ሕመምተኞች ይሰጣል። ኤችአይቪም ካላዛርም ላለባቸው ከሌላ መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠት እንደሚሻል ያሳየው ጥናት የተካሄደው ጎንደርና አብደራፊ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 መመሪያው ለምሥራቅ አፍሪካ ምክሩን በዚሁ ላይ ተመሥርቶ አወጣ።

ታዲያ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቀመጥ የለበትም። መተማ በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ከሠራተኞቹ ካምፕ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው መንገድ፣ ማቀዝቀዣው፣ መብራቱ፣ ጄኔሬተሩ፣ ነዳጁ ሁሉ የመድኃኒቱ አካል ናቸው ማለት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ መድኃኒት በስብ ከረጢት ያሸገ ሁሉ ስለዚህ መንገድ ማሰብ አለበት። አገር ውስጥ የዕፅዋት ናኖ መድኃኒት እንሠራለን ለሚሉ ተማሪዎች የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ማቀዝቀዣ በሌለው ጤና ኬላ መደርደሪያ ላይ ስንት ወር ይቆያል?

* * *

የድሮ የመድኃኒት ጽሑፎቻችን የዕፁን ስም ጠርተው አይበቃቸውም። በምን ተለውሶ፣ በምን ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ይሁን ወይስ ከምግብ በኋላ፣ ሁሉንም ይናገራሉ። ማር፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ጠላ፣ አረቄ። ተመራማሪዎቻችን ዕፁን ወስደው ማሩንና ቅቤውን እንደ ማጣፈጫ ቆጥረው መተዋቸው ያሳዝነኛል። በስብ የሚሟሟ ነገር በቅቤ፣ በአልኮል የሚሟሟ ነገር በአረቄ መሰጠቱ በአጋጣሚ ላይሆን ይችላል። ውኃ ብቻ ተጠቅሞ የቀቀለ ተማሪ ምንም አላገኘሁም ቢል፣ የፈተነው አባቶች ያዘዙትን መድኃኒት አይደለም።

* * *

ገበያ ውስጥ የደረቀ ቅጠልና ሥር ከሚሸጡት አንዷ ዘንድ ቆሜ አየሁ። ጤና አዳሙ፣ ዳማ ከሴው፣ የኮሶው አበባ፣ እንቆቆው በየማዳበሪያው ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ነው። ገዢ ሲመጣ በእፍኝ ይሰፈራል። ሴትየዋ እጇ ትንሽ ነው፤ ከጎኗ ያለው ልጅ እጁ ሰፊ ነው፤ ዋጋው ግን አንድ ነው። «እናቴ፣ ስንቱን ልጠጣ?» ያላት ጎልማሳ «አንድ ሲኒ ይበቃሃል የኔ ልጅ፣ እንዳታበዛው» ተባለ። ምክሩ በፍቅር የተሰጠ ነው። ሲኒው ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ግን ሁለቱም አያውቁም።

ኮሶ ጥሩ ምስክር ነው። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሕዝብ ለብዙ ዘመን የኮሶ ትል መድኃኒቱ እሱ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ እስከ መግባት ደርሷል። ይሠራል። ግን ከመጠን ያለፈ ኮሶ የጠጡ ሰዎች የዓይን ነርቫቸው እንደተጎዳ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንተል ሲመጡ ኮሶን ያስለቀቁት መጠናቸው በሚሊግራም ስለታወቀም ጭምር ነው። ኮሶን ዛሬ ናኖ ቅንጣት ውስጥ ብናስገባውና መመጠጡን ብናበዛው፣ ያ ዓይን የሚያጠፋው ንጥረ ነገርም አብሮ ይበዛል።

የናኖን ነገር የምደግፍ ሰው ነኝ። ነገር ግን የሚጫነው ሳይመዘን ማጓጓዣውን ማፍጠን አደጋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ማስታወሻ ውስጥ የምለው ሁሉ ከዚህ እምነት ይነሣል።

* * *

አንድ የእንዶድ ዘር ከሌላው የእንዶድ ዘር ጋር እኩል አይደለም። አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ሞተው የተንሳፈፉ ቀንድ አውጣዎችን አየ። የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ለገሠ ወልደ ዮሐንስና ባልደረቦቹ የደከሙት አንዱ ድካም ከየአገሩ የተሰበሰበውን እንዶድ እያበቀሉ ኃይለኛውን መለየት ነበር፤ ዓይነት 44 የሚባለው የተመረጠው እንዲህ ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። የሽልማቱን ታሪክ የሚያወራ ብዙ ነው። ዘር እየለየ፣ ፍሬ እየመዘነ ዓመታት የቆየውን ሥራ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። የዕፅዋት መድኃኒት ናኖም ሆነ ሌላ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ሥራ ነው።

* * *

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ በጣም የተወደደ የምርምር ርዕስ አለ። የአንድ ቅጠል ጭማቂ ከብር ጨው ጋር ይቀላቀላል። ፈሳሹ ከቢጫ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ብሩ ናኖ ቅንጣት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ይንጠባጠባል። ማግሥቱ በጠብታው ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይታያል፤ ተማሪው በማስመሪያ ይለካዋል፤ ይህን ያህል ሚሊሜትር ተብሎ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል።

ሥራው መማሪያ ሆኖ ጥሩ ነው፤ መሣሪያው ውድ አይደለም፣ ተማሪውም በዓይኑ የሚያየው ውጤት ያገኛል። ግን ብር ባክቴሪያ እንደሚገድል ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። ቅጠሉ ብሩን ወደ ቅንጣት ለወጠው እንጂ፣ የገደለው ቅጠሉ ነው ወይስ ብሩ የሚለውን ያ ክብ ብቻውን አይናገርም። ያለ ቅጠል የተሠራ ብር፣ ያለ ብር ደግሞ ቅጠሉ ብቻ፣ ጎን ለጎን ካልተፈተኑ «የባህል መድኃኒታችን በናኖ ተረጋገጠ» ማለት አይቻልም። መምህራን ይህን ተማሪዎቻቸውን ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል። ሳህን ላይ የሞተ ባክቴሪያና አልጋ ላይ የዳነ ሰው በመካከላቸው የብዙ ዓመት ሥራ አለ።

* * *

ወደ እርድ ልመለስ፤ ገና አላለቀምና።

የኩርኩሚን እንክብል ሻጮች የባንጋሎሩን ትምህርት በደንብ ተማሩ። ፓይፐሪን ጨመሩ፣ ስብ ውስጥ አስገቡ፣ ናኖ ቅንጣት አደረጉ። መመጠጡ ጨመረ። ከዚያ የጉበት ሐኪሞች ሕመምተኛ ማየት ጀመሩ። ጣሊያን ውስጥ በ2019 ከእርድ ማሟያዎች ጋር የተያያዙ የጉበት ብግነት ሕመሞች ተበራከቱና የጤና ባለሥልጣናቱ አስጠነቀቁ። በአሜሪካ መድኃኒት የሚያስከትለውን የጉበት ጉዳት የሚከታተሉ ሐኪሞች 10 ሕመምተኞችን መዝግበው 7ቱ አንድ ዓይነት የዘር ምልክት እንዳላቸው አገኙ፤ ከአሥሩ አንድ ሰው ሞቷል። በ2022 ደግሞ የፈረንሳይ የምግብ ደኅንነት ድርጅት በተለይ መመጠጣቸው እንዲጨምር ስለተደረጉት የእርድ ምርቶች ሕዝቡን አሳሰበ። ለተራው ኩርኩሚን የተቀመጠው የቀን ገደብ መመጠጡ በብዙ እጥፍ ለጨመረው አይሠራም፤ ሰውነት የሚያየው ሌላ መጠን ነው።

ለሺህ ዓመታት በምግብነት የበላነው ስለሆነ አይጎዳም የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። የበላነው እርድ በአብዛኛው ወደ ደማችን አልገባም ነበር። ደኅንነቱም ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም አለ። ፓይፐሪን ኩርኩሚንን ከመወገድ የሚያዘገይበት መንገድ ሌሎች መድኃኒቶችንም ያዘገያል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን ደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ እንደሚል ታይቷል። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለ ወገናችን ከሐኪም የታዘዘለትን እየዋጠ፣ ከአገር ቤት የተላከለትን ዱቄት እያፈላ፣ በላዩ ደግሞ ከሱፐር ማርኬት የገዛውን እንክብል ሲጨምር ሐኪሙ ከሦስቱ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

* * *

መርዝን በመሸከም ብቻ መግራት ይቻላል ለማለት የቺሊው ኪላያ ዛፍ ይበቃኛል። ቅርፊቱ እንደ እንዶድ ሳፖኒን አለው፤ ውኃ ውስጥ አረፋ ያወጣል። ጥሬው ሳፖኒን ደም ውስጥ ከገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል። ከኮሌስትሮልና ከስብ ጋር ተጣምሮ 40 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቅንጣት ሲሆን ግን ይህ ክፋቱ ይቀንስና የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ ኃይሉ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2023 የመከረው አር21 የተባለው የወባ ክትባት በዚሁ ቅንጣት ታግዞ ነው የሚሠራው። ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተመከረው የመጀመሪያው የወባ ክትባትም ከዚያው ዛፍ የወጣ ሳፖኒን በሊፖሶም ተይዞ አለበት። አፍሪካ ውስጥ የወባ ክትባት የሚወጋ ሕፃን ሰውነት ውስጥ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት አለ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ደስታና ቁጭት አብረው ነው የመጡብኝ። በ1990ዎቹ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የሐይቅ ዛጎል ለባሾችን ለማጥፋት በመጠቀም ፓተንት ማውጣቱን እናስታውሳለን። ዓድዋ ላይ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ከዚያ ወረቀት ውስጥ የሉም። ዛሬ አዋጅ አለን፤ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የኅብረተሰቡን ድርሻ ይደነግጋል። ናኖ ቴክኖሎጂ ግን አዲስ በር ይከፍታል፤ ዕፁ የታወቀ ቢሆንም ተሸካሚው አዲስ ነው ተብሎ ፓተንት ሊጠየቅበት ይችላል። ሕግ አዋቂዎቻችን ይህን በር ከወዲሁ ቢያዩት እወዳለሁ።

* * *

መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ፣ በአንድ የወባ ወቅት፣ ልጇን ያዘለች እናት ኳርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ተሰጣት። ፋርማሲስቷ «እህቴ፣ በባዶ ሆዱ እንዳትሰጪው፤ ወተት ወይም ቅባት ያለው ነገር ይቅደም» አለቻት። እናትየዋ «ወተት የለኝም» አለች። ፋርማሲስቷ ቆም አለችና «ለውዝ ቅቤስ? ትንሽ ይበቃል» አለቻት።

ኳርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የዕፅ ልጅ ነው። ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት ሳይንቲስት በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የቻይና መድኃኒት መጽሐፍ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲቀቀል አለማዘዙን አስተውለው፣ ሙቀት ያበላሸው ይሆናል ብለው በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር አወጡት። በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። የወጣው አርቴሚሲኒን ግን ውኃም ዘይትም በደንብ አያሟሟውም፤ ስለዚህ ኬሚስቶች በዘይት የሚሟሟውን አርቴሜተርና በውኃ የሚሟሟውን አርቴሱኔት ሠሩ። አርቴሜተር ከሉሜፋንትሪን ጋር ተጣምሮ ኳርተም ሆነ፤ ኢትዮጵያም በ2004 የመጀመሪያ ምርጫዋ አደረገችው። ሉሜፋንትሪን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እስከ 16 እጥፍ ያድጋል።

መድኃኒትን የማድረስ ጥያቄ በዚያች መስኮት ላይ በአንድ ማንኪያ ለውዝ ቅቤ ተፈታ። ያቺ ፋርማሲስት ያደረገችውን ለመሥራት ናኖ የሚያስፈልገው ለውዝ ቅቤም ለሌላት እናት ነው። የናኖ ተመራማሪ ሁሉ እሷን አስቦ ቢሠራ።

* * *

ከየት እንጀምር ለሚለኝ መልሴ ከቆዳ ነው። ዳማ ከሴና ጭቁኝ ሽታቸው የሚመጣው ከሚተን ዘይታቸው ነው፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ዳማ ከሴ ከዘይቱ ብዙውን አጥቷል። ናኖ ከረጢት ይህን ዘይት ይዞ ቀስ በቀስ እንዲለቀው ማድረግ ይችላል። ቆዳ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ፣ የቁስል ቅባት፣ ደጋው ላይ ፊት ለሚያበላሸው ለቁንጭር የሚሆን ቅባት። ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ አደጋው ይቀንሳል፤ ካስቆጣም ይታያል፣ ይታጠባል። የቁንጭር ጥገኛ ተሕዋስም እዚያው ቆዳው ውስጥ ነው።

ወደ ደም ሥርና ወደ አንጎል የሚገባውን ሌላ ጊዜ እንደርስበታለን።

* * *

ቴሌግራም ላይ «ናኖ» የተጻፈባቸው ቅባቶችና ሻይ ቅጠሎች አሁን ይሸጣሉ። ስኳር በሽታ፣ ኩላሊት፣ ካንሰር፣ መካንነት፣ ሁሉንም ያድናሉ ተብሎ። መለያቸው ላይ የዕፁ ሙሉ ስም፣ የንጥረ ነገሩ መጠን በሚሊግራም፣ የተመረተበት ቀንና የተመዘገበበት ቁጥር ፈልጌ አጣሁ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የባህል መድኃኒትንም ይመለከታል፤ ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥ ክልክል ነው።

አንባቢዬ፣ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ፣ እለምንሻለሁ። ናኖ ነው የተባለ የዕፅ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፍሬ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ አትግዙ። ቤት ውስጥ የምትጠጡትን ቅጠልና ዱቄት ደግሞ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በተለይ የሚጥል በሽታ፣ የኤችአይቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ሳትደብቁ በስሙ ንገሩ።